ከአንድ ንግግር የበቀለ ኮሌጅ

በ1941 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ቤንጃሚን ሃርዲ የሚባል ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በፊት ጋዜጠኛ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብራዚል ሄዶ ሠርቷል። ሐሳቡን በአንድ ማስታወሻ አሰፈረ፦ አሜሪካ ለድሃ አገሮች ከገንዘብ ይልቅ ዕውቀት ትስጥ፤ የግብርና፣ የጤናና የምሕንድስና ባለሙያ ትላክ። አለቆቹ ወረቀቱን ወደ ላይ ሊያሳልፉት አልወደዱም። ሃርዲ ግን አልተወውም። እነሱን አልፎ ዋይት ሀውስ ሄደና ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ረዳት ለጆርጅ ኤልሲ አስረዳ።

ሃሪ ትሩማን በዓለ ሲመታቸውን ያከበሩት ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ቃና ዘገሊላ ነበር። በንግግራቸው አገራቸው የምትከተለውን የውጭ መርሕ በአራት ነጥብ ከፍለው አቀረቡ። የተባበሩት መንግሥታትን መደገፍ፣ የአውሮፓን ኢኮኖሚ መልሶ ማቋቋምና የሰሜን አትላንቲክ አገሮችን በመከላከያ ማስተሳሰር ሲጠበቁ የቆዩ ነበሩ። ያልተጠበቀው አራተኛው፣ የሃርዲ ሐሳብ፣ ነበር። በጀት አልተያዘለትም፤ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ሐሳቡን ወደ ጎን ገፍተውት የነበሩት ባለሥልጣናት በማግስቱ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ተገደዱ። የፕሬዚዳንት ቃል ጉልበቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሕግ ሳይሆን መሥሪያ ቤቶችን ያንቀሳቅሳል።

ያን ቃል ወደ ሥራ ለማውረድ ግን ኮንግረስ ያስፈልግ ነበር። ሕጉ የጸደቀው ከንግግሩ ወደ 17 ወር ገደማ ዘግይቶ፣ ግንቦት 28 ቀን 1942 ዓ.ም. ሲሆን የተፈቀደው ገንዘብም 35 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን ለአውሮፓ መልሶ ግንባታ በማርሻል ዕቅድ የወጣው ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ድርሻ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ጥቂት እንደነበረ መናገር አያስፈልግም።

ትሩማን ይህን አነስተኛ ገንዘብ እንዲመራላቸው የሾሙት ሰው ምርጫ ለእኛ ትልቅ ነገር ሆነ። ሄንሪ ቤኔት ዲፕሎማት አልነበሩም፤ የኦክላሆማ የግብርናና የመካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሹመቱን ከማግኘታቸው በፊት፣ በ1942 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ኢትዮጵያ መጥተው አፄ ኃይለ ሥላሴን አግኝተዋል። ኮሌጃቸው ከአሜሪካ “ላንድ ግራንት” ኮሌጆች አንዱ ነበር። የእነዚህ ኮሌጆች ታሪክም በፕሬዚዳንት ብዕር የተወሰነ ነው፤ የመንግሥት መሬት ተሽጦ ኮሌጅ እንዲቋቋም የሚፈቅደውን ረቂቅ ፕሬዚዳንት ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1859 አንፈርምም ብለው መለሱት፤ ሊንከን በ1862፣ ጦርነት መሐል ሆነው፣ ፈረሙት። አሠራሩ ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን ያስተሳሰረ ነው፤ መምህሩ የመረመረውን ያስተምራል፣ ያስተማረውንም ገበሬው ማሳ ድረስ ያደርሳል። ቤኔት ለኢትዮጵያ ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

የኢትዮጵያና የአሜሪካ አጠቃላይ ስምምነት ሰኔ 1943 ዓ.ም. ተፈረመ። ሥራው በቅጡ ሳይጀመር ግን ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ቤኔት ከባለቤታቸው ጋር የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ የተረፈ ሰው አልነበረም። ከሟቾቹ አንዱ ቤንጃሚን ሃርዲ ነበር። ሐሳቡን ያፈለቀውና ያስፈጸሙት በአንድ ቀን አለፉ። ከዚህ ሐሳብ ስለበቀለው የአለማያ የግብርና ኮሌጅ ሲነሳ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም አብሮ ሲጠራ ብዙም አልሰማሁም፤ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ግን አልቆመም። በ1944 ዓ.ም. ግንቦት የኮሌጁ ውል ተፈረመ፤ የኦክላሆማ መምህራን መጡ፤ ትምህርቱ መጀመሪያ ጅማ ላይ ተጀመረ። ከሐረርና ከድሬዳዋ መካከል ባለችው አለማያ ዋናው ግቢ ተሠርቶ ኮሌጁ ወደዚያ ተዛወረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። ደብረ ዘይት ላይ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመለት። ዛሬ ገበሬው “ቁንጮ” ብሎ የሚዘራው የጤፍ ዝርያ የወጣው ከዚያ የምርምር ማዕከል ነው። የኦክላሆማ ውል በ1960 ዓ.ም. ሲያበቃ ግቢውን ተረክበው የቀጠሉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ኮሌጁም ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከወሎንኮሚ የተነሱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ጅማ በሚገኘው የእርሻ ትምህርት ቤት ተምረው ከአለማያ ተመረቁ። አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ከትሩማን በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንቶች የርዳታውን ቤት ደጋግመው አፍርሰው ሠርተዋል። ኬኔዲ የሰላም ጓድን እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1961 ያቋቋሙት በትዕዛዝ ነው፤ የኮንግረሱ ሕግ የደረሰው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ነበር። በዓመቱ እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያስተምሩ ወጣት አሜሪካውያን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፤ ዛሬ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ብዙ አንባቢዎች መምህሮቻቸውን በስም ያስታውሳሉ። የሰላም ጓድ በተቋቋመበት በእ.ኤ.አ. 1961፣ በጥቅምት 1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ኮንግረሱ አዲሱን የውጭ ርዳታ ሕግ ካጸደቀ በኋላ፣ በሌላ ትዕዛዝ የተበታተኑት ክፍሎች ዩኤስኤአይዲ በሚባል አንድ ድርጅት ተሰበሰቡ።

መቁረጡም በዚያው እጅ ነው። የካቲት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት ሰብዓዊ መብትን ምክንያት አድርጎ ለአርጀንቲና፣ ለኡራጓይና ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ወታደራዊ ርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ሥልጣን ከጠቀለሉ ገና ወር አልሞላም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ደርግ አስመራ የሚገኘውን ቃኘው ጣቢያ ጨምሮ የአሜሪካ ተቋማት እንዲዘጉ አዘዘ፤ ፊቱንም ወደ ሞስኮ አዞረ። ቆየት ብሎ ለተወረሰ ንብረት ካሳ ባለመከፈሉ የአሜሪካ ሕግ የልማት ርዳታውንም አገደው። 1977 ዓ.ም. ሲመጣና ሰው በረሃብ ሲረግፍ፣ ኮሚኒዝምን አጥብቀው የሚቃወሙት ሬገን ለዚያው መንግሥት ሕዝብ እህል እንዲላክ ወሰኑ፤ አሜሪካም ከለጋሾቹ ሁሉ የላቀ እህል ሰጠች። የልማት በሩ ግን እንደተዘጋ ቆየ። ለሚራብ ሰው እህል መላክ ተፈቀደ፤ ዳግም እንዳይራብ የሚያደርገውን መስኖና ዘር መደገፍ ተከለከለ። ይህ በእኔ አስተያየት የዚያ ዘመን ትልቁ ጥፋት ነው።

ጆርጅ ቡሽ በ1995 ዓ.ም. ጥር ለኮንግረሱ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር ለኤችአይቪ መከላከልና ሕክምና በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ በግንቦት ሕጉን ፈረሙት። ኢትዮጵያ ቀድመው ከተመረጡት አገሮች አንዷ ነበረች። መድኃኒት አጥቶ ሞትን ይጠባበቅ የነበረ ወላጅ ልጁን ድሮ እስከማየት የደረሰበትን ዘመን ያመጣው ይህ ውሳኔ ስለሆነ፣ ስለ ቡሽ ሌላ ምንም ቢባል ይህን መካድ አይቻልም።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከትሩማን ንግግር ልክ 76 ዓመት በኋላ፣ ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት የውጭ የልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ አዘዙ። በመጋቢት መጀመሪያ የዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸው ተነገረ፤ በሰኔ ማብቂያ ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። በአሜሪካ ላንድ ግራንት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ዘር የሚያሻሽሉ ቤተ ሙከራዎችም ገንዘባቸው ተቋረጠ። ድርጅቱ በኬኔዲ ትዕዛዝ ቢወለድም ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕግ አጽንቶት ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱ ብቻቸውን ሊዘጉት ይችሉ ነበር ወይ የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ክርክሩ የእነሱ ነው፤ መዘዙ ግን አዲስ አበባና መቀሌ፣ ጅጅጋና ጋምቤላ ድረስ መጥቷል፤ ደመወዛቸው በዚያ ገንዘብ ይከፈል የነበረ የጤና ባለሙያዎች ሥራቸውን አጥተዋል።

ሐሮማያ በዚህ ትዕዛዝ አልተዘጋም። ውሉ የሚያበቃበት ዓመት ነበረው፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም መሬቱንና የበጀት ድርሻውን ከመጀመሪያው ሰጥቷል፤ ውሉ ሲያልቅ መምህሩም ደመወዙም የእኛ ሆኗል። የኤችአይቪ ሕክምናው በሃያ ዓመት ውስጥ ለዚህ አልደረሰም። ጤና ሚኒስቴርና ገንዘብ ሚኒስቴር አሁን ተቀምጠው መነጋገር ያለባቸው፣ የመድኃኒቱና የላቦራቶሪው ወጪ በየትኛው ዓመት፣ በምን ያህል መጠን ወደ አገር በጀት እንደሚገባ ነው። ቀጣዩ የአሜሪካ በዓለ ሲመት እ.ኤ.አ. ጥር 2029 ነው።