የግንባታ ሠራተኛው ስለ ደኅንነቱ ምን ያስባል? ሕጉስ ምን ይላል?

በአዲስ አበባ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ቆብ፣ በሸበጥ ጫማ የሚሠሩ ወጣቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን «ግዴለሾች ናቸው» ብለን እናልፋለን። በተለያየ ጊዜ ካነጋገርኳቸው ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። የትኛው ርብራብ እንደላላ፣ የትኛው እንጨት እንደበሰበሰ ከማንም በላይ ያውቃሉ። አደጋው አልተሰወረባቸውም፤ የጎደላቸው መብታቸውን ማወቅና የመናገር ዋስትና ነው።

ደጋግሜ የሰማኋቸው አመለካከቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ አደጋ የዕድል ጉዳይ ነው የሚለው ነው። ሕጉ በዚህ አይስማማም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋው እንዲያስረዳ፣ የደረሰውን አደጋም እንዲመዘግብና እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ የውል ወረቀት የሌለው የቀን ሠራተኛ ቢጎዳ ካሣ አያገኝም የሚለው ነው። ይህም ስህተት ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። በማኅበራዊ ዋስትና ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ ካሣው የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ የሥራ ባልደረቦች ምስክርነትና የሕክምና ወረቀት በወቅቱ መያዝ አለባቸው።

ሦስተኛው፣ «አደገኛ ነው» ብሎ የተናገረ ነገ አይጠራም የሚለው ነው። ይህኛው ፍርሃት መሠረት አለው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ከባድና የማይቀር አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ አላግባብ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ለሚቀጠር ሰው፣ ዛሬ የጠራው ፎርማን ነገ ቢያልፈው ተባረርኩ ብሎ ማስረዳት እጅግ ያዳግተዋል።

ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ አለማክበር ወይም ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት ሆን ተብሎ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጠራል፤ ካሣውንም ያስቀራል። ስለሆነም «ቆብ ይሞቀኛል» ብሎ መተው ከጭንቅላት አልፎ የቤተሰብን እንጀራ ይነካል።

በእኔ አስተያየት፣ ሠራተኛውን በግዴለሽነት ከመውቀሳችን በፊት ቆቡ በልኩ ተሰጥቶት እንደሆነ፣ ለልስኑም በካሬ እየተከፈለው እየተጣደፈ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ቤት የምታሠሩ አንባቢያንም ከኮንትራክተሩ ጋር ስትዋዋሉ ከሲሚንቶውና ከብረቱ ዋጋ ጎን የመወጣጫውንና የመከላከያውን ወጪ ለይታችሁ አስጽፉ። ያልተጻፈ ወጪ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከሠራተኛው ደኅንነት ላይ ነውና።