የዓባይ አቀበትና የናፍጣ ሒሳብ

በምሥራቅ ጎጃም የመኪና ነዳጅ ሒሳብ ከዓባይ በረሃ ተለይቶ አያውቅም። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ደጀን አፋፍ ላይ ደርሶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ጥልቀት ግን 1,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በሹፍርና፣ በመካኒክነት፣ በኋላም የአውቶ መካኒክ ተማሪዎችን በማስተማር ስለሆነ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሱ በአንድ ቁጥር አይነገርም። ለምን እንደማይነገር የሚገባን የመንገዱንና የመኪናዋን ታሪክ አንድ ላይ ስናየው ነው።

መኪና ሳይመጣ በፊትም ዓባይን መሻገር ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ የቆመው ከዓባይ ማዶ በሚመጣው ንግድ ነው። የሲራራ ነጋዴ መንገዱን የሚለካው በቀን ጉዞ እንጂ በርቀት አልነበረም፤ ቁልቁለቱና አቀበቱ ከብቱን ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃልና። በሞጣ በኩል ደግሞ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ የተሠራ ነው። በፋሺስት ጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠና «ሰባራ ድልድይ» እንደተባለ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ እየተጎተተ ሲሻገርበት ኖሯል። መኪና ያለው ግን መንገዱ በደጀን በኩል ነበር።

ጣልያን ከተባረረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በረሃው ውስጥ የቀስት ድልድይ ቆመ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው በ1943 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ቶዮታ «ቢጄ» ያላትን ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ሠራ። ይህች መኪና በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተቀመጠች፣ 3.4 ሊትር የሆነ የጭነት መኪና ሞተር የተገጠመላት ነበረች። ብቃቷን ያስመሰከረችው የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣት ነው። «ላንድክሩዘር» የሚለውን ስም ያገኘችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ አስተምር ነበር፤ ምክንያቱም የነዳጇ ነገር ከዚህ ይጀምራል። ወፍራም ሻንሲ፣ ባሌስትራ፣ ከባድ ካምቢዮ፣ ሁለት ዲፈረንሻልና አቀበት እንዲችል ዝቅ የተደረገ ማርሽ የተሰጣት መኪና ቀላል የከተማ መኪና የምትጠጣውን ብቻ ልትጠጣ አትችልም። የተሠራችው ዳገት እንድትወጣና ጭነት እንድትችል ነው፤ ዋጋውንም በነዳጅ ታስከፍላለች።

በመጀመሪያ ወደ እኛ አገር የመጡት ላንድሮቨሮችና ላንድክሩዘሮች በአብዛኛው የቤንዚን ነበሩ። ባለ ስድስት ሲሊንደሯ የቤንዚን ላንድክሩዘር ካርቡራቶሯ በደንብ ተስተካክሎም በሊትር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ከሄደች ደህና ናት። ቤንዚን ርካሽ በነበረ ጊዜ ይህንን የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነበር። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመቶ 50 ጨመረና የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ አድማው ለአብዮቱ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ ነዳጅ በኩፖን መታደል መጣ። ከዚያ በኋላ ሊትር መቁጠር የሹፍርና አንድ ክፍል ሆነ። በየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሎግ ቡክ ተቀመጠ፤ ሾፌሩም መኪናውን ሲረከብም ሲያስረክብም ኪሎ ሜትሩን አስመዝግቦ ይፈርም ጀመር።

በ1977 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ገጠሙ። ቶዮታ የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘርን ያወጣው በዚያ ዓመት ነው፤ አገራችን ደግሞ በድርቅና በረሃብ ተመታ። የእርዳታ ድርጅቶች በሰፊው ሲገቡ ላንድክሩዘርም አብራ በዛች። ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ «አንድ ኤችዜድ» የሚባለው 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ተርቦ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ተገጠመላት። ዛሬ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ፈለገ ብርሃንና ሞጣ ላይ ሰው «አሮጌዋ ላንድክሩዘር» ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ይህችኑ ነው። ኮምፒውተር የላትም፤ ፖምፓዋና ኖዝሏ በአገር ውስጥ ጋራዥ ይሠራሉ። ዕድሜዋን ያስረዘመው ይህ ነው።

የሾፌሩ ችግር የጀመረው መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ መኪና ቁርጥ ቁጥር ሲያወጡ ነው። ቁጥሩ የወጣበት ምክንያት ነበረው፤ ከታንኩ በጀሪካን ቀድቶ የሚሸጥ ሾፌር እንደነበር እኛው እናውቃለን። ነገር ግን እኔ በነበርሁበት መሥሪያ ቤት «በሊትር 8» የተባለው ቁጥር የተለካው በሜዳ አስፋልት፣ ባዶ መኪና ተነድቶ ነው። በዚያው ቁጥር ዓባይ በረሃን የሚወርደውም፣ ያኔ ኮረኮንች በነበረው የቢቸናና የሞጣ መንገድ ክረምት ከበጋ የሚመላለሰውም ተጠየቀበት። ልዩነቱ ከደመወዝ ይቆረጥ ነበር። አንድ ባልደረባዬ፣ አንዲት ሊትር ነዳጅ ያልነካ ሰው፣ በልጆቹ የትምህርት ቤት መክፈያ ወር ደመወዙ ተቆርጦ ሲሰጠው አይቻለሁ። ገንዘቡ ቢያንገበግበውም የበለጠ የከበደው ሌባ መባሉ ነበር። ያ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

መፍትሔውን ያስተማሩን ከእኛ በፊት መንገዱን የያዙ አንድ ሾፌር ናቸው። «ጋሼ፣ ምን እናድርግ?» ስንላቸው፣ «ልጆቼ፣ እናንተም መዝገብ ያዙ። በእነሱ ቁጥር ላይ ጭቅጭቅ አታንሡ፤ የራሳችሁን ቁጥር አምጡ» አሉን። አለካኩንም አሳዩን። ደጀን ማደያ ላይ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቆማለች። ናፍጣ እስከ አንገቱ ይሞላል፤ አረፋው እስኪበርድ ይጠበቃል። ከዚያ ሁለት ሰው ከኋላ ይዞ መኪናዋን ግራና ቀኝ ይወዘውዛታል፤ ታንኩ ውስጥ ተደብቆ የቀረው አየር ሲወጣ ናፍጣው ዝቅ ይልና እንደገና ይሞላል። ይህ ካልተደረገ ልኩ ይዛባል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይጻፋል። በኩራር በኩል ወደ ድልድዩ ተወርዶ፣ በፍልቅልቅ በኩል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ እዚያም በዚያው አኳኋን ይሞላል። የገባው ሊትር የተበላው ነው። ከኔ ደብተር አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ደጀን–ጎሐ ጽዮን፣ 40 ኪሎ ሜትር፣ 6 ሊትር ተኩል፣ 5 ሰውና ጭነት፣ ኤርኮንዲሽን የለም፣ መንገዱ ደረቅ።» በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ያለ መሆኑ ነው።

በኋላ ማስተማር ስጀምር ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ በሰሌዳ ላይ አስላው ነበር። መኪናዋ ከነጭነቷ 3 ቶን ናት እንበል። 3 ቶን 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 41 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይይዛል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሞተር ወደ ጎማ የሚያደርሰው ቢበዛ ሲሶውን ነው፣ ሌላው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ መኪናዋን ከወንዙ ወደ አፋፉ ለማንሳት ብቻ 3 ሊትር ተኩል ያህል ይሄዳል። በዚህ ላይ ጎማውን ለማንከባለልና ካምቢዮውን ለማዞር የሚያስፈልገው ሲጨመር፣ የ20 ኪሎ ሜትሩ አቀበት ወደ 6 ሊትር ይጠጋል። በአቀበቱ ብቻ ከተለካ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህንን ሒሳብ በመጀመሪያ ጊዜ በሠራሁ ዕለት ያ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። ለዚያች አቀበት የሚበቃውን ናፍጣ ማንም ሾፌር በብልሃት ሊያስቀረው አይችልም ነበርና።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ሾፌሩ የሚያድነው ነገር አለ። ሞተሩ በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ሲወረድ ፖምፓው ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ማርሽ አውጥቶ በባዶ የሚወርድ ሰው ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ግን እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ ናፍጣ ይጠጣል። ከዚያ ሁሉ የሚከፋው፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ከጋለ በኋላ አይዝም። በዓባይ በረሃ በዚህ የተነሣ የጠፋ ሕይወት ብዙ ነው። የነዳጅ ቁጠባውም የሕይወት ጥንቃቄውም አንድ ዓይነት ነው፤ በምን ማርሽ እወጣለሁ ብለህ ካሰብህ በዚያው ማርሽ ውረድ።

ከፍታውም የራሱን ይወስዳል። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፖምፓው ለቆላ አገር እንደተስተካከለ ከቀረ የሚረጨው ናፍጣ ሁሉ አይነድም፤ በጥቁር ጭስ ይወጣል። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ የምትተፋ ላንድክሩዘር ባለቤቷ በገንዘቡ የገዛውን ናፍጣ እየበተነች ነው። የተዘጋ የአየር ፊልትሮና ያረጀ ኖዝልም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ገዢ የምነግረው ይህንን ነው። ሞተሯ ጤነኛ የሆነች የናፍጣ ላንድክሩዘር በአስፋልት፣ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በሊትር ከ8 እስከ 9 ትሄዳለች። ወደ 100 ከፍ ብታደርጋት የአየሩ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምርባታል፤ ቅርጿ እንደ ሣጥን ስለሆነ ይህ ወዲያው ነዳጇ ላይ ይታያል። ፖርቶመጋላ ላይ ጭነት ከተደረደረ 7 ይበቃሃል። በኮረኮንች 6 ወይም 7 ነው፤ በክረምት ዋልካ ጭቃ በአራቱም ጎማ፣ በከባድ ማርሽ ስትወጣ ከዚያም ትወርዳለች። ዓባይ በረሃን ወርዶ ለመውጣት 6 ያዝ። ደግሞ ጎማዋ ከመጀመሪያ ልኩ ተለውጦ እንደሆነ እይ፤ ዙሪያው በመቶ 10 ትልቅ ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው ከተሄደው በመቶ 10 ያህል አሳንሶ ይቆጥራልና መኪናዋ ያለ ጥፋቷ በላተኛ ትመስላለች። ከእነዚህ ቁጥሮች በጣም ርቃ ከተገኘች ግን ችግሩ አሮጌ መሆኗ አይደለም፤ የሚሠራ ነገር አላት ማለት ነው።

መንገዱ ተሻሽሏል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ተመረቀ፤ የቀድሞውም ከጎኑ ቆሟል። የበረሃው መሬት ግን እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚሰባብረው፣ አንድ ዓመት የተለካ ቁጥር በሌላው ዓመት እንደገና መለካት አለበት። የአቀበቱ ከፍታም ያው ነው። የነዳጁ ዋጋ ደግሞ ወደ ላይ ሄዷል፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት አጠቃላዩን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እያነሣ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ እያንዳንዷ ሊትርም ከበፊቱ ይልቅ ውድ ናት።

ለመሥሪያ ቤቶች የምለው ግልጽ ነው። ለአንድ መኪና አንድ ቁጥር አታውጡ፤ ለየመንገዱ አውጡ። የበረሃውን ለብቻ፣ የኮረኮንቹን ለብቻ፣ የአስፋልቱን ለብቻ ለኩ፤ ሲለካም ሾፌሩ አብሮ ይሁን፣ በውጤቱም ይፈርም። ይህ የሚጠይቀው አንድ ቀንና አንድ ሙሉ ታንክ ናፍጣ ነው። የሰረቀ ካለ በዚህ መንገድ በትክክል ይያዛል፤ ያልሰረቀውም ደመወዙንና ስሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ለወጣት ሾፌሮች ደግሞ፦ ደብተር ያዙ፤ ቀኑን፣ መንገዱን፣ ጭነቱን፣ ሊትሩን ጻፉ። እኛ መብታችንን ያስከበርነው በዚያ ደብተር ነው፤ እናንተንም የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።