የእንዶድ ሳፖኒን

የእንዶድ ሳፖኒን በእንዶድ (ፊቶላካ ዶዴካንድራ) ፍሬ ውስጥ የሚገኝ፣ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ የሚያወጣ የተፈጥሮ ሰርፋክታንት ነው። እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ይበቅላል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ እንደ ሳሙና፣ በተለይ ነጭ የሀገር ልብስ ለማጠብ ሲያገለግል ኖሯል። ልብስን የሚያጠራው ባሕርይው ሕያዋን ሕዋሳትንም ይጎዳል።

== በሕዋስ ላይ ያለው ሥራ ==

የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ወገን አለው፦ የስኳሩ ወገን ውሃ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ስብ ይስማማዋል። ስለዚህ በልብስ ላይ ያለውን ቅባት ከውሃ ጋር ያዋህዳል። የሕዋስ ሽፋንም በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው። ሳፖኒን በሽፋኑ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣምሮ ሽፋኑን ይበሳል። በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ሲጨመር ሄሞግሎቢን ይፈስሳል፤ ድፍርሱ ፈሳሽም ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል።

ጉዳቱ በመጠን ይወሰናል። ጥቂት ሳፖኒን ሽፋኑን ሲበሳ፣ ብዙው ሕዋሱን ያፈርሰዋል። በቤተ ሙከራ ቀለም ወይም ፀረ እንግዳ አካል ወደ ሕዋስ ለማስገባት ሳፖኒን በጥቂቱ የሚጨመረው ለዚህ ነው። የአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ሽፋን ኮሌስትሮል ስለሌለው በዚህ መንገድ አይበሳም።

ፍሬው በውሃ ሲወቀጥ የራሱ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣል፤ በዚህም ይበልጥ ኃይለኛ ይሆናል።

== ቢልሃርዚያን ለመከላከል ==

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዚያ ተሐዋስ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ በመሆኑ፣ እንዶድ በሽታውን በርካሽ ለመከላከል ተስፋ ሰጠ። ከሳፖኒኖቹ አንዱ በስማቸው «ለማቶክሲን» ተብሏል። አክሊሉ ለማና ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

== ጥንቃቄ ==

ሳፖኒኑ ቀንድ አውጣን ለይቶ አያጠቃም፤ ዓሣንም ይገድላል። በውሃ ውስጥ ግን በቀናት ጊዜ ስለሚበሰብስ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እንዶድ በባህላዊ ሕክምና ለኮሶና ለጽንስ ማስወረጃ ይጠጣል፤ ሆኖም አንጀትን ስለሚያቆስልና ስለሚመርዝ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።