ከማርጩዋ እስከ ንግድ ምክር ቤት

መስከረም ሲጋመስ የወላይታ ገበያዎች ይሞላሉ። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ደርሷልና ሰንጋው ከየአቅጣጫው ይነዳል፣ ቅቤውና በርበሬው ይወርዳል፣ ሶዶም ቦዲቲም አረካም መንገዱ በሰው ይጨናነቃል። ለዚህ ግብይት ዝግጅቱ የተጀመረው ግን ገና ከዓመቱ መግቢያ ነው። ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው በቡድን ሆነው ጥቂት ጥቂት ሲቆጥቡ ከርመዋል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሰንጋ ብዙዎች ሆነው ይገዙታል፣ አርደውም ይካፈሉታል። ስለ ሶዶ ንግድና ስለ ንግድ ምክር ቤት ሳስብ ከአዋጆቹ ቁጥር በፊት የሚመጣልኝ ይህ ቁጠባ ነው። ምክር ቤት የሚለው ስም አዲስ ቢሆንም፣ አቅምን አስተባብሮ ወደ ገበያ መውጣት እዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው።

ንግዱ ራሱም የቆየ ነው። ወላይታ በካዎዎቹ፣ ማለትም በነገሥታቱ፣ ይተዳደር በነበረበት ዘመን ማርጩዋ የሚባል የብረት ገንዘብ ነበረው። ብረት ደግሞ ያለ ቀጥቃጭ እጅ ገንዘብ አይሆንም። ሆኖም ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም ዕቃቸው በየቤቱ ሲገባ እነሱ ግን ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ገበያው ምርታቸውን ይፈልግ ነበር፤ ቃላቸውን የሚሰማ ሸንጎ ግን አልነበራቸውም። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር ከባድ ውጊያ አድርገው ተሸነፉ፤ ወላይታም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ሶዶ የአስተዳደር ከተማ ሆነች። መንገድ ሲከፈት ደግሞ የሻሸመኔው፣ የሆሳዕናው፣ የአርባ ምንጩ፣ የዳውሮና የጎፋው መስመር የሚገናኝባት መጋጠሚያ ሆነች። የገጠሩ መሬት በሕዝብ ብዛት ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁት አንዱ ነውና፣ ማሳ ያልደረሰው ወጣት ዕድሉን በንግድ ፈለገ። ከፊሉ በሶዶ ሱቅ ከፈተ፤ ከፊሉ አዲስ አበባ ሄዶ በሊስትሮ ሳጥን ሕይወትን ጀመረ።

ነጋዴዎች ተሰባስበው በአንድ ድምፅ የሚናገሩበት ተቋም በዓለም ላይ የመጀመሪያ ስሙን ያገኘው በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በማርሴይ፣ እ.ኤ.አ. በ1599 ነው። ወደ እኛ አገር በሕግ የገባው በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ነው። የክፍለ ሀገር ነጋዴ ግን አቤቱታውን የሚያሰማው እንደ ቀድሞው በሽማግሌና በደጅ ጥናት ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ዛሬም ድረስ «ዋዱ» የሚለው፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው አቀረበ፤ በኅብረት ሥራ መሸጥንም አስተማረ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ተወረሱ። በዚያው ዘመን በወጣ አዋጅ የግል ነጋዴ ካፒታል በጅምላ ከ300,000፣ በችርቻሮ ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው አዋጅ ቁጥር 148 ምክር ቤቶች እንደገና ተደራጁ፤ ነገር ግን በመንግሥት ጥላ ሥር ነበሩ። እህሉን በኮታ የሚገዛው መንግሥት፣ ነጋዴውንም የሚቆጣጠረው ያው መንግሥት ስለነበረ፣ ምክር ቤት ለአባሉ ሊከራከር የሚችልበት ቦታ ጠባብ ነበር።

መሠረታዊው ለውጥ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 341 መጣ። ከወረዳና ከከተማ እስከ ክልልና አገር አቀፍ ድረስ ምክር ቤት የሚዋቀርበት መሰላል ተዘረጋ፤ ከንግድ ምክር ቤቱ ጎንም «የዘርፍ ማኅበራት» የሚል ስም ተጨመረ። ብዙ ሰው ይህን ስም እንደ ማዕረግ ማራዘሚያ አድርጎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን የአዋጁ ቁም ነገር እዚያ ላይ ነው። የዘርፍ ማኅበር ማለት በአንድ የምርት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ከሱቅ ባለቤቱና ከአስመጪው እኩል ወንበር የሚያገኙበት ነው። ለዘመናት ገበያውን ሞልቶ ከሸንጎ የቀረው ባለ እጅ፣ ሸክላ ሠሪዋና ዱንጉዛ የሚሸምነው ሸማኔ፣ በሕግ በር የተከፈተላቸው ያን ጊዜ ነው።

የእንዲህ ያለ ምክር ቤት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የተጣሉ ነጋዴዎች ሲጠይቁት ያስታርቃል፤ ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የምርት መገኛ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሥልጠናና ባዛር ያዘጋጃል፤ የግብርና የፈቃድ ቅሬታን ሰብስቦ ወደ መንግሥት ያደርሳል። ክብደቱ የሚታወቀው ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ደቡቡን አዳረሰ። በቦሎሶ አካባቢና በአጎራባች ወረዳዎች የልጅ ትምህርት ቤት ወጪና የጣሪያ ቆርቆሮ ይሸፍን የነበረው ሰብል ማሳ ላይ ጠወለገ። ገበሬው ሲከስር ሰብሳቢው፣ ጫኚው፣ ደላላውና የጭነት መኪናው ባለቤት አብረው ከሰሩ። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ የታመመ የዝንጅብል ዘር ነው። ዘር ደግሞ ከገበያ ገበያ የሚዘዋወረው በነጋዴ እጅ ነው። ስለዚህ የተመራማሪው ምክር ማሳ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም፤ ነጋዴው ተሰብስቦ «ይህን ዘር አንገዛም፣ አንሸጥም» ብሎ ሊስማማበት የሚችል ቤት ያስፈልገዋል። የትንሽ ከተማ ምክር ቤት ዋጋ የሚለካው በዚህ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ውሳኔ ሰጪው ለነጋዴው ቀርቧል። ይህ ቅርበት ለጥቂቶች መተዋወቂያ ሆኖ እንዳይቀር፣ የዘርፍ ማኅበራቱ ወንበር በእርግጥ ሊሞላ ይገባል፤ ዝንጅብል አብቃዩና ሸክላ ሠሪዋ ሲናገሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸው መጻፍ አለበት። የጊፋታ ሰንጋ ሲታረድ ብዙ የቆጠበም ጥቂት የቆጠበም ድርሻውን ያገኛል። የገበያው ሸንጎም በዚያው ሥርዓት ይቁም።