«በዘሩ አለ» ያሉት ምን ያህል ልክ ነበሩ?

ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ይጣራ ነበር። አንደኛው ዝምድና ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሁለተኛው ግን ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። «በዘራቸው ያለ ነገር ይኖር ይሆን?» እየተባለ በጎረቤትና በአበ ልጅ በኩል ይሰለላል። «ነገሩ» አንዳንዴ ቡዳ ነው፣ አንዳንዴ ቁምጥና፣ አንዳንዴም ዝሆኔ። የአያቷ እግር ያበጠ ከሆነ የልጅቷ ጋብቻ በዚያው ተሰናክሎ ይቀራል። ቤተሰብም ይህን ስለሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ ሕመምተኛውን ጓዳ ያስገባዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙዎች «ኋላ ቀር እምነት» ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነገር ነበር። መንደሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ኑሮው አንድ፤ ሆኖም ከአንዱ ቤት ሦስት ሰው እግሩ ሲያብጥ አጠገቡ ካለው ቤት አንድም ሰው አይነካም። ይህን ዕድሜ ልኩን የታዘበ ገበሬ «በአጥንት የሚወርድ ነው» ቢል ምን ያስደንቃል?

እንዲያውም ከገበሬው ይልቅ የተሳሳቱት ሐኪሞቹ ነበሩ። የእግር እብጠት ሲያዩ በትንኝ የሚተላለፈውን ትል ያስቡ ነበር። ያ በሽታ እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ አለ። ደጋው ላይ ግን የሕመምተኛው ደም ቢመረመር ትሉ አይገኝም። ነገሩን በደንብ የተከታተለው ቀደም ሲል በሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር ላይ የሠራው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታውን ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አያይዞ አጠና። በዚያ ዘመን አንዱ የጥናት ዘዴ በገበያ ቀን ቆሞ የአላፊ አግዳሚውን እግር እያዩ መቁጠር ነበር። (ምስኪን ገበያተኛ! ጤፉን የሚያይለት ሲጠብቅ እግሩን ያዩታል።) ፕራይስ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ በሽታው የሚከተለው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረውን ቀይ አፈር ነው። ከጮቄ ግርጌ የተወለደ ሰው ይህን አፈር ያውቀዋል፤ ክረምት ሲገባ እግር ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል።

ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፤ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» የሚሉ ቃላት ገጣጥሞ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳው በኩል ይገባሉ፣ በሊምፍ ቧንቧ ተጉዘው እስከ ብሽሽት ንፍፊት ይደርሳሉ። ሰውነት ሲቆጣ ቧንቧው ይጠብባል፣ ፈሳሹ ከእግር መውጫ ያጣል። ቆዳው ይደድራል፣ የድንጋይ ሽበት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ይሰነጠቃል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም።

እዚህ ላይ የገበሬው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ሁሉም ባዶ እግሩን ከሄደ ለምን አንዱ ብቻ ይታመማል? መልሱ የተገኘው ከጎጃም ርቆ፣ ወላይታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የቤተሰብ ጥናት ለበሽታው ከመጋለጥ ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በዘር የሚመጣ መሆኑን ገመተ፤ የሕመምተኛ ወንድምና እኅት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ላይ ባዕድ ነገርን የሚለየውን የሰውነት መከላከያ ክፍል ከሚያዝዙት ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳዩ።

ስለዚህ «በዘር ነው» ያሉት ግማሽ ልክ ነበሩ። የሚወረሰው ግን በሽታው ራሱ ሳይሆን ለአፈሩ መቆጣት ነው፤ አፈር ያልነካው እግር ያንን ዘር ይዞ እስከ መቃብር በጤና ይሄዳል። በሽታው ድሮ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድም ነበረ ይባላል። ጫማ ሲለመድ ጠፋ፤ የጠፋው ሰዉ ዘሩን ስለ ለወጠ አይደለም።

እኛስ? በዚያው በ2012 ከደብረ ኤልያስና ከደምበጫ ወረዳዎች የወጣው ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 51,017 ሰዎች 1,704 ሕመምተኞች ቆጠረ። ሕመሙ እግር ላይ ብቻ አይቆምም። በዓመት 5 ጊዜ ያህል ትኩሳትና ቁርጥማት እየተነሣ ሰውየውን ይጥለዋል፤ ተደማምሮ 90 ቀን ይሆናል። ከዓመቱ ሩቡ ማለት ነው፤ በእርሻ ወቅት ከደረሰ ደግሞ የዓመት እህል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የተሠራ ሌላ ጥናት የድብርት ምልክት ከሕመምተኞቹ በ12.6 በመቶው ላይ ሲያገኝ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን በ0.7 በመቶው ላይ ብቻ አገኘ። ጓዳ መደበቅ ምን እንደሚያደርግ ይኸው።

ሕክምናውም ሩቅ አይደለም። በአነደድ ወረዳ 696 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2018 ወጣ፦ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። ያ የሚጥለው ትኩሳት በአምስት እጅ አንድ ገደማ ቀነሰ።

እኔን ያስቆጨኝ ግን ከደብረ ኤልያስና ከደምበጫው ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። ሕመምተኞቹ መጀመሪያ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። በብዙው ቤት ይህ ከሰርግ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ አክስቶቹ ዘር ሲሰልሉ፣ ልጅቷ በባዶ እግሯ ውኃ ትቀዳ ነበር፤ አንድ ኮንጎ ጫማ እንግዛላት ያለ አልነበረም። ጠያቂዎቹ በሄዱበት ቀን እንኳ፣ እግራቸው አብጦ ሳለ፣ ከመቶው 23.6ቱ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ከእነሱም ሦስት እጅ ሁለቱ ሴቶች ናቸው።