የኮራንደርክ ሆፕስ የተሸለመበት ዘመን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1863 ዓመት፣ በአውስትራሊያ ምድር፣ ቪክቶሪያ በተባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት እንዲህ ሆነ። አቦርጂናል ከሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ወገን የሆኑት የኩሊን ሰዎች አገራቸው በበግ አርቢዎች ተይዞባቸው ማረፊያ አጥተው ይንከራተቱ ነበር። አለቃቸው ሳይመን ዎንጋና የአጎቱ ልጅ ዊልያም ባራክም ሕዝቡን ተራራ አሻግረው በያራ ወንዝ አጠገብ አሰፈሩት፤ ሰፈሩም ኮራንደርክ ተባለ። በግንቦት ወር፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ልደት በሚከበርበት ቀን፣ ጦርና ቅርጫት፣ ፖሰም ከተባለ የዱር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ ካባም እጅ መንሻ አድርገው በአገረ ገዥው በሰር ሄንሪ ባርክሊ ፊት ቀረቡ። ብዙ ሳይቆይ መሬቱ ተከልሎ ታወጀላቸው። እነርሱም ንግሥቲቱ ርስት ሰጠችን ብለው አመኑ። ርስት ግን አልነበረም።

ጆን ግሪን የተባለ ሰባኪ አስተዳዳሪ ሆነላቸው። እርሱም ሕዝቡ በራሱ ሸንጎ ተማክሮ ጥፋተኛውን ራሱ እንዲዳኝ የፈቀደ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሹም ብዙ አልነበረም። ጫካ መነጠሩ፣ ቤት ሠሩ፣ ስንዴ ዘሩ። በ1872 ደግሞ ሆፕስ ተከሉ። ጌሾ ለጠላ እንደሚሆን ሆፕስም ለቢራ ምሬቱን የሚሰጥ ሐረግ ነው። በረጅም እንጨት ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፤ ሲደርስም ወንዱ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማል፤ የተለቀመውም በእሳት ሙቀት ይደርቃል። የኮራንደርክ ሆፕስ በሜልበርን ገበያ ከፍ ባለ ዋጋ ተሸጠ። ገንዘቡን ግን መንግሥት ያቆመው የአቦርጂናል ጥበቃ ቦርድ ወሰደው፤ ለለቃሚው የደረሰው ጥቂት ደመወዝ ነው። በ1874 ግሪንም ከሹመቱ ተነሣ። ቦርዱ በስሙ ጠባቂ ይባል እንጂ፣ የጠበቀው ሆፕሱን ነው።

ከጥቅምት 1880 እስከ ሚያዝያ 1881 በሜልበርን ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቆመ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ገብቶ አየ። ከየአገሩ የመጣው ማሽን፣ ሱፍና ወይን ጠጅ በዳኞች ፊት ተመረመረ፤ በዚያም የኮራንደርክ እርሻ ምርት የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ።

በዚያው በ1881 ባራክ ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ሜልበርን በእግሩ ተጓዘ፤ መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሄደው አቤት ሊል ነው። ቦርዱ ሥፍራው ለጤና አይስማማም ብሎ ሕዝቡን ወደ ሌላ ሊያዛውር አስቦ ነበርና፤ ምክንያቱ ጤና ይባል እንጂ ነጮቹ ጎረቤቶች መሬቱን መመኘታቸው የታወቀ ነው። መንግሥትም መርማሪ ጉባኤ አቆመ፣ ባራክም ቀርቦ መሰከረ። በ1884 መሬቱ በቋሚነት እንዲከለል ተፈረደ።

ደስታው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1886 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ከነጭ የተወለዱና ዕድሜያቸው ከ34 ዓመት በታች የሆኑ ሁሉ ከሰፈሩ ይውጡ የሚል። የሚያርሰውም የሚለቅመውም ጉልበት እነርሱ ነበሩና እርሻው ደከመ። ሰው ካነሰ መሬቱ ይበዛል ተብሎ በ1893 እኩሌታ ያህሉ ተቆረሰ። ባራክ በ1903 ዐረፈ። በ1924 ሰፈሩ ተዘጋ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መሬቱ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች ተሰጠ።

በ1866 የኮራንደርክ ይዞታ 4,850 ኤከር ነበር። በ1998 ለባለቤቶቹ ዘሮች ተገዝቶ የተመለሰው 200 ኤከር ያህል ነው።