ቤትና ሱቅ በሀዲያና በከምባታ
ቤትና ሱቅ (በሀዲያና በከምባታ)፦ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችውና ስሟን ከበዓለ ሆሳዕና በወረሰችው በሆሳዕና፣ በሀምበሪቾ ተራራ አቅራቢያ ባለችው በዱራሜ፣ እንዲሁም በቦዮ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሚታየው የሕንፃ ሥርዓት ነው።

ጥንታዊው ማኅደር፣ ዙሪያው በእንጨትና በማገር የተዋቀረ፣ ጣራው ሣር የለበሰ፣ መካከሉም በዐቢይ ምሰሶ የጸና ክብ ጎጆ ሲሆን፣ ሰውና ከብት በአንድ ክዳን ሥር፣ ነገር ግን ስፍራቸው ተለይቶ ያድሩበታል፤ በጓሮው የተተከለው እንሰትም ለማዕድ ቆጮን፣ ለማሰሪያ ቃጫን ይሰጣል።

ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ በከተሞቹ መንገድ ዳር፣ ግድግዳቸው በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ ፊታቸው ለንግድ፣ ጓዳቸው ለመኖሪያ የሆነ ባለአራት ማዕዘን ቤቶች ተሠሩ። በገጠሩ ክቡ ጎጆ ዛሬም ይታያል።